የቨርና መልስ

የእህቴን ድምፅ ከገዛ ዘፈኗ እንዳወጡት ያወቅሁት ጎሚስታ ቤት ነው። ደውሎ የነገረኝ የለም። የፒካፔን ጎማ ምስማር ወግቶት እስኪለጠፍልኝ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሬዲዮ የእህቴ ልጅ የሬያን ድምፅ መጣ። ጣቢያው ደግሞ የእኛ የካንትሪ ሙዚቃ ጣቢያ አይደለም፤ የኮሌጅ ልጆች የሚጨፍሩበትን ፖፕ የሚለቀው የከተማው ጣቢያ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከእኛ ሸለቆ የወጣ ሰው እዚያ ጣቢያ ላይ ሲዘፍን ሰምቼ አላውቅም። ጎሚስታውን ድምፁን ጨምረው አልኩት።

ዘፈኑ የእህቴ የቨርና ነው። ጎርፉ የእግር ድልድያችንን የወሰደው ጊዜ ባሏ ከወንዙ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ ቀርተው ሦስት ቀን ሙሉ በጩኸት ሲነጋገሩ ሰነበቱ። ውሃው ሲጎድል ቨርና ነገሩን ዘፈን አድርጋው ተገኘች። አንዱ "ማዶ ማን አለ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው "አለሁ፣ እኔ አለሁ" ብሎ ይመልሳል። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ስንት ዓመት በየሠርጉና በየቤተ ክርስቲያኑ ግብዣ ዘፍነነዋል። እኔ ጭኔ ላይ አጋድሜ በብረት በምጫወተው ስቲል ጊታሬ አጅባለሁ፤ ሬያን ካደገች በኋላ ደግሞ እሷ እየጠየቀች እናቷ ትመልስ ነበር።

ጎሚስታው ቤት ሬያን "ማዶ ማን አለ?" አለች። የቨርናን መልስ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሬያን የመጨረሻውን ድምፅ ጎተት አድርጋ ይዛ ቆየችና ዝም አለች፤ ከዚያ የኮምፒዩተር ከበሮ ዱም ዱም ብሎ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ገባች። የእኔም ስቲል ጊታር የለም። እሱስ ይቅር። ሠላሳ ዓመት የካንትሪ ዘፈን መናኸሪያ በሆነችው ናሽቪል ውስጥ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ስዞር ከስንት ዘፈን እንደተቆረጥኩ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ የሙያው ጠባይ ነው። የቨርናን መልስ ግን በምን አንጀታቸው?

አጠገቤ ፀጉሯን ሰማያዊ የተቀባች የኮሌጅ ልጅ ተራዋን እየጠበቀች አብራ ታንጎራጉራለች። ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ያዘች።

"እዚህ ጋ ደስ ሲል" አለችኝ። "ጓደኞቼ ሁሉ እዚህ ጋ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔ ካንትሪ እንኳ አልወድም፤ እሷን ግን እወዳታለሁ።"

ምን አጠፋች ልጅቷ? ደሜ ግን ፈላ። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ሂሳቡን ወርውሬ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሬያን አልበሟን ስትቀዳ፣ እናቷ መልሱን ራሴ ካልዘፈንኩት ብላ ድርቅ አለች። ቨርና ዕድሜዋን የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ያሳለፈች ሴት ናት፤ በዚያን ጊዜ ሳንባዋ አልቆ ጎማ የተገጠመለትን የኦክስጅን ጋኗን እየጎተተች ነበር የምትሄደው። እኔ ነኝ በፒካፕ አራት ሰዓት ነድቼ ናሽቪል የወሰድኳት። ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ሰው በየክፍሉ ተዘግቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ በየራሱ ማይክ ነው የሚቀዳው። ቨርና ማዳመጫውን አይታ "ይህን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ልጄን እንዴት እሰማታለሁ?" አለች። ስለዚህ እንደ ድሮው ሁላችንንም አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡን።

ያኔ አንድ ብልጠት አሰብኩ። ልጅቷ ገና ሳትገባ ቨርናን ከሬያን ማይክ ፊት፣ በክንድ ርቀት አስቀመጥኳት። ኬስለር የሚባለው ነጭ ጫማ የሚያደርገው ፕሮዲዩሰር ለእሷም ለብቻዋ ማይክ ልትከል ሲል፣ ተው ማይክ ካየች ትደነግጣለች አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ቨርና ምንም የሚያስደነግጣት ነገር አልነበረም። ያንን ከተማ ስለማውቀው ነው። የራሱ ማይክ ያለውን ድምፅ በአንድ ጣት ያጠፉታል። በሌላ ሰው ማይክ የገባውን ግን ሊጥ ውስጥ የገባ ጨው በለው፤ ማንም ለይቶ አያወጣውም።

"ኦርቫል" አለችኝ ቨርና ልንጀምር ስንል፣ "ኋላ አያወጡኝም?"

"ቢፈልጉም አይችሉም" አልኳት።

አንድ ጊዜ ብቻ ዘፈኑት። ከዚያ በላይ አቅም አልነበራትም። መልሱን ለማለት መጀመሪያ አየር መሳብ ነበረባትና ትዘገያለች፤ ሬያን ዓይኗን የእናቷ ደረት ላይ ተክላ የመጨረሻውን ድምፅ ይዛ ትጠብቃታለች። ከዚያ ያ ወፍራም የቨርና ድምፅ "አለሁ" ይላል። መጋቢት ላይ ቀበርናት፤ እኔም በሐዘኔ መሃል ድምፅዋን ቆልፌ አስቀመጥኩላት እያልኩ በብልጠቴ እጽናና ነበር።

ማውጣት ሲያቅታቸው ታዲያ ሁሉንም ጥለው ሬያንን ብቻዋን እንደገና አዘፈኗት። የለመዱት አሠራር ቢሆን ለፖፕ ጣቢያዎች አንድ ቅጂ፣ ለእኛ ጣቢያዎች ሌላ ቅጂ ያወጣሉ። ቨርና የራሷ ማይክ ኖሯት ቢሆን እዚያ ያጠፏት፣ እዚህ ይተዉዋት ነበር። ሊጡ ውስጥ የከተትኳት እኔ፣ ከነሊጡ አስደፋኋት። ይህን ሳስብ መሪውን በቡጢ ስመታው የመኪናው ጡሩንባ ጮኸ፤ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ዞሮ ሰደበኝ። ደግ አደረገ።

ሬያን ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም። አልበሙ ግን ወደ ላይ ይተኮሳል። ጥርሷን የሚያስነጣላት የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሁሉ መጣ። ሱፐርማርኬት ውስጥ መጽሔት ላይ ፎቶዋን አየሁ፤ ከሥሩ "ከካንትሪ ያመለጠችው" ይላል። ከምን አመለጠች? ማን አስሯት ነበር? መጽሔቱን ገልብጬ አስቀመጥኩትና ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው።

በግንቦት የመጨረሻው እሁድ የመቃብር ማስዋቢያ ቀናችን ነው። አረሙን ነቅለን፣ አበባውን አኑረን፣ እዚያው ሣር ላይ አንሶላ ዘርግተን ምሳችንን እንበላለን። ሬያን ቀርታ አታውቅም፤ ዘንድሮም በኪራይ ጥቁር መኪና መጣች። በእጇ የሙዝ ፑዲንግ የሚሉትን ጣፋጭ ይዛለች። በየዓመቱ የሙዝ ፑዲንግ የሚያመጣው የቨርና እጅ ነበር፤ የሬያን ግን ከሱቅ የተገዛ እንደሆነ ሴቶቹ ገና ከሩቅ አወቁ። ጎረቤታችን እትዬ ኦፓል ብቻ ሳህኑን ተቀብላ፣ ከተጠበሰው ዶሮ ኋላ አደረገችው።

ሬያን እንደምትመጣ ተሰምቶ ኖሮ፣ ከአጥሩ ውጭ አርባ የሚያህሉ ወጣቶች ስልካቸውን ደግነው ቆመዋል። ያቺ የጎሚስታ ቤቷ ባለ ሰማያዊ ፀጉርም አለች። ፓስተር ኤስቲል "መጀመሪያ አረም ይንቀሉ፣ ከዚያ ይብሉ" ብሎ አስገባቸው። ደግሞም ነቀሉ፤ እሱን አልክድም።

ሬያንን ያገኘኋት እናቷ መቃብር ላይ ተንበርክካ ነው። ስልኬን ስላላነሳች ይቅርታ ጠየቀችኝ።

"ስልኩን ተይው" አልኳት። "እናትሽን የት አደረግሻት?"

ሣሩን እየነጨች ነገረችኝ። የፖፕ ጣቢያዎቹ የመጀመሪያውን ቅጂ የአሮጊት ትንፋሽ ይሰማበታል፣ አድማጭ ያባርራል ብለው መለሱት። ኬስለርም ወይ እንደገና ዝፈኚው፣ ወይ ዘፈኑ ከአልበሙ ይውጣ አላት። ፈረመች።

"ይውጣ አትይም ነበር?"

"ብል ማን ይሰማው ነበር፣ አጎቴ? አንተና እኔ? እማዬ ዘፈኗን ሰው ሁሉ እንዲሰማላት አልነበር የምትፈልገው?"

"እሷን እንዲሰሙ ነው የምትፈልገው! ያን ጋን እየጎተተች ናሽቪል ድረስ የሄደችው አንቺን ልታደምቅ መሰለሽ? አያወጡኝም ወይ ስትለኝ አይችሉም ብዬ ቃል የሰጠኋት እኔ ነኝ። በሞተ ሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የመጀመሪያውን ቅጂ አምጪ አልኳት። የኩባንያው ነው፣ ተቆልፎበታል፣ ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ አልበሙን መልሰው ሲያትሙት ይወጣ ይሆናል አለች። ከአሥር ዓመት በኋላ እኔ ራሴ እዚህ ሣር ሥር እሆናለሁ።

"አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው የዘፈንኩት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሳልጠብቃት ልዘፍነው ሞከርኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። እዚያ ጋ ስደርስ አየር ስትስብ ትታየኛለች። እንዴት ጥያት ልለፍ? ኬስለር ዝምታው ያምራል ብሎ ተወው። ምን እንደሆነ አያውቅም።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "የራሷ ማይክ ቢኖራት እኮ ለእኛ ጣቢያዎች ይተዋት ነበር። ማን ነው እዚያ ያስቀመጣት?"

አንጀቴን ልትበላው ምንም አልቀራትም ነበር፤ እኔ ግን ቁጣዬን ለማንም መስጠት አልፈለግሁም። ትቻት ሄድኩ።

ከምሳ በኋላ ፓስተር ኤስቲል በዓመቱ ያረፉትን ስም ጠራና ሬያንን እንድትዘፍን ለመናት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስቲል ጊታሬ ከነሳጥኑ ፒካፑ ላይ ነው። እሷም አየችኝ። ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።

ብቻዋን ጀመረች። "ማዶ ማን አለ?" ብላ ድምፁን ይዛ ጠበቀች። እዚያ ያሉት አዛውንት ሁሉ መልሱን በቃላቸው ያውቁታል፤ አንድም ሰው አልመለሰም፤ የቨርና ነዋ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ትስማው አልኩ። የሸጠችውን ዝምታ እዚሁ እናቷ ራስጌ ቆማ ትስማው። ሁለተኛውም ስንኝ እንደዚያው አለፈ።

ሦስተኛው ላይ ጥያቄው ጋ ስትደርስ ሬያን አፏን ዘጋች። መዝፈን ያቃታት መሰለኝ። ግን እነዚያ አረም ሲነቅሉ የዋሉት ልጆች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከሬዲዮ በለመዱት አኳኋን "ማዶ ማን አለ?" ብለው ጠየቁና እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸውን ያዙ። ሬያን በእጇ ደረቷን ይዛ አየር ሳበች። ልክ ቨርና እንደምትዘገየው ዘገየች። ከዚያ በራሷ ቀጭን ድምፅ ሳይሆን በዚያ በወፍራሙ፣ በእናቷ ቦታ ሆና "አለሁ" አለች። "እኔ አለሁ።"

ባለ ሰማያዊ ፀጉሯ ልጅ ስልኳን አወረደች። "ለካ መልስ አለው" አለች አጠገቧ ላለችው።

እትዬ ኦፓል አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ሳል አስመስዬ ነው ያለፍኩት። ልሄድ ስል ሬያን ተከትላኝ መጣች።

"አልታረቅንም" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"እናትሽን እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ማይኩንም የከለከልኩት እኔ ነኝ። እንዳያወጧት ብዬ ነው።"

"እንግዲያው እኔም ልቆጣህ ነው" አለች።

"ተቆጪ" አልኳት። ጥቁሩ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው። ቨርናም በር የምትዘጋው እንደዚያ ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ዘፈኑ በየሰዓቱ ይለቀቃል፤ የእህቴ ድምፅ ግን አሁንም ናሽቪል፣ የሰው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ትናንት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለሁ ሬዲዮው ደግሞ ጀመረው። ሬያን "ማዶ ማን አለ?" ብላ ድምፁን ይዛ ጠበቀች። አጠገቤ የቆመችው መኪና ውስጥ ያሉ ልጆችም ያንኑ ጣቢያ ከፍተው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። መስኮቴን አወረድኩና የቻልኩትን ያህል ጮህኩባቸው።

"ቨርና አለች!"