ለቡና የተፈቀደ ፀሐይ

የእናቴን ሕመም ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ባቋርጥም ምላሴ አላቋረጠም። አልማዝ ባለጭራ ከጀርባዋ ተነሥቶ ጎኗን እንደ መቀነት ሲጠመጥማት ውኃ የቋጠረውን ያበስኩላት እኔ፣ ቅባቱን የቀባኋት እኔ ረድኤት ነኝ።

ቁስሉ ክረምቱ ሳይወጣ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን ቀረ። ቀሚሷ ጎኗን ሲነካት እሳት እንደነካው ሰው ትዘላለች። ይኼን ለአክስቴ ለሔዋን፣ ለአባቴ እህት፣ ማን ያስረዳት!

«ቁስሉ ደርቆ ምኑ ነው የሚያማት?» ትላለች በሩ ላይ ቆማ፣ እማዬ እየሰማች። «ቡና ሲደርስ የሚነሣ በሽታ! ወንድሜ ዓባይነህ ከማጂ ይመለስ ብቻ፣ ማናልሞሽን ጌጫ እናቷ ቤት መልሳት እለዋለሁ።»

እማዬን ልትመልሳት! እንደ ተሰበረ ብርጭቆ!

ደግሞ ልብ በሉ፣ አልታመመችም የምትለው ይህችው ሴትዮ ናት «ፀሐይ ካየች ምች ይመታታል» ብላ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት የደፈነችው። ታዲያ ካልታመመች ምቹ ምን ሊያደርጋት ነው? ብጠይቃት «ባለጌ» አለችኝ። መልስ ሲጠፋባት ሁሌም ባለጌ ነኝ።

እንዲህ ተዘግታ ስትከርም እግሯ ከዳት፤ ከዱካ መቀመጫዋ ለመነሣት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደሟ ጅማ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ነርሷ ጠራችኝና፣ «ቫይታሚን ዲዋ በጣም ዝቅ ብሏል፤ አጥንቷ የደከመው ለዚህ ነው። ይኼን እንክብል ትዋጥ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታግኝ። የጎኗን ሕመም ደግሞ…» ስትል እኔ በሩን አልፌያለሁ። ፀሐይ! የሚበቃኝን ሰምቻለሁ።

ቤት ስደርስ አክስቴ ግቢው ውስጥ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ታገላብጣለች። ደመና ባየች ቁጥር ላስቲክ ይዛ የምትሮጥለት ቡና!

«ለቡና የተፈቀደ ፀሐይ ለእናቴ የተከለከለው ለምንድን ነው?»

«ምች ቢመታትስ?»

«ቡናውን ለምን አልመታውም?»

«ምላሳም! አባትሽ ይምጣ!»

ይምጣ! ከረጢቱን ከመስኮቱ ቦጭቄ ጣልኩና እማዬን አውጥቼ ከቡናው አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት፤ የሚያማትን ጎኗን ወደ ፀሐይ አዙሬ። ጠዋት ጥሩ ከሆነ ቀትር የበለጠ ጥሩ ነው ብዬም ቀትር ላይ አወጣኋት። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትቀመጣለች።

«ቻዪው እማዬ፣ እየወጣልሽ ነው» እላታለሁ።

አንድ ቀን አግዳሚው ላይ እንዳለች እንባዋ ወረደ፤ ጤና ጣቢያ ልመልሳት ተነሣሁ። አክስቴ እንደ ሠርግ ደስ አላት።

«ምች ነው አላልኩም? ሐኪሙ ራሱ ሌላ ምንም የላትም ሲል ልስማው» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችን።

ጤና መኮንኑ ይስሐቅ እኔንም አክስቴንም በእጁ ዝም አሰኘን። ወንበሩን ወደ እማዬ ሳበና «እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ይሰማዎታል?» አላት።

እማዬ ቀሚሷን ከጎኗ ራቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ «ልብስ ሲነካኝ ሚስማር ነው» አለች። «ምንም ሳይነካኝ ደግሞ ፍም። እንቅልፍ አላውቅም። ሙቀት ሲያገኘው ይብሳል።»

ይስሐቅ ወደ አክስቴ ዞረ። «ቁስሉ ቢደርቅም በሽታው ነርቩን ጎድቶታል። ሕመሙ የእውነት ነው፤ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የቡና ሥራ አሁን አይታሰብም።»

አክስቴ የነጠላዋን ጥለት ማየት ጀመረች። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

«አንቺስ» አለኝ፣ «ጎኗን በቀትር ፀሐይ አሙቂ ያለሽ ማነው? እንክብሉና የጠዋት ፀሐይ ለአጥንቷ ነው። ነርቩ ሌላ ነገር ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ። ማታ ማታ የምትወስደው እሰጣታለሁ። ቶሎ አይሠራም፣ እንዳታቋርጥ።»

ባጃጅ ውስጥ አክስቴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ተቀመጥን። ዝም ማለት አልሆንልሽ አለኝ።

«አየሽ እማዬ? አሁን ማንም ጌጫ አይመልስሽም። እኔ ባልሟገትልሽ ኖሮ…»

«ዝም በይ፣ ረድኤት» አለች። «እሷ ጨለማ ውስጥ ዘጋችብኝ፣ አንቺ ፀሐይ ላይ ጠበስሽኝ። ምን ይሰማሻል ብሎ የጠየቀኝ ሰውዬው ብቻ ነው።»