እንቁ በየቀኑ ትደውላለች

ከሰው ተለይቼ እንድቀመጥ ሲነገረኝ አላለቀስኩም። ያ ወረርሽኝ አዳማ የገባ ጊዜ ነው። ሳሉ ቀሎኝ ነበር፤ ምርመራው ግን «አለብሽ» አለኝ። አከራዬ ጋሽ ዲበኩሉ ምግቤን በር ላይ አስቀምጠው ከሩቅ ይጮኻሉ፦

«በላይነሽ፣ አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ ብለው ነው!» እላቸዋለሁ።

ልጄ ሚኪያስ ዱከም ፋብሪካ ይሠራል፤ እንዳይመጣ ከልክዬዋለሁ። የቀሩኝ ስልክና ዳንቴል ናቸው። ቀኑን ሙሉ ዳንቴል እሠራለሁ፣ ካላማረኝ ተርትሬ እንደገና እጀምራለሁ።

ታናሽ እህቴ እንቁ ባቱ ነው የምትኖረው፣ ከልጇ ከፍሬሕይወት ጋር። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትደውላለች። እንቁ ሰላምታ አታውቅም። «አንቺ ገልቱ፣ ዛሬስ ምን አበላሸሽ?» ብላ ትጀምራለች። እኔም አልተኛላትም። በልጅነት የተጣላንበትን ሁሉ አንስተን ስንጨቃጨቅ ቆይተን ስልኩ ሲዘጋ፣ ጉልበቴ ተመልሶ አገኘዋለሁ። ስድቧ ከመድኃኒቱ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሳትደውል ቀረች። በማግስቱ ደወለች።

«እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ትናንት ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው።»

ድምፁ የእንቁ ነው። ግን «እህቴ» አለችኝ።

«ምነው፣ ማር ልሰሽ ነው?» አልኳት። ሳቀች። ሳቁም የእንቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምለውን ሁሉ ትቀበለኝ ጀመር። ሆን ብዬ ነካካኋት። «አባዬ ከሁለታችን እኔን ነበር የሚወደው» አልኳት። በዚህ ነገር እንቁ አንድም ቀን እጅ ሰጥታ አታውቅም።

«እውነትሽን ነው» አለችኝ።

ዳንቴሉ ከእጄ ወደቀ።

እንቁ ስኳር ከያዛት ወዲህ ድምጿ ሻክሮ ነበር። ይኼኛው ጥርት ያለ ነው፤ ሳታገባ የነበራት ዓይነት። ቀን በቀን ወደ ልጅነቷ የምትመለስ መሰለኝና ፈራሁ። ደግሞ ከጀርባዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ እኔ ስናገር ግን ሁሉም ባንዴ ጸጥ ይላል።

«እንግዳ አለ እንዴ?»

«ቴሌቪዥን ነው።»

ጋሽ ዲበኩሉም መጮህ ተዉ። ሳህኑን ያስቀምጡና ትንሽ ቆመው ይሄዳሉ፤ በመስኮት ሳያቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሚኪያስን «የአክስትህ ድምፅ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እማዬ፣ ምሳ በላሽ?» አለኝ።

ሞኝ አይደለሁም። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እኔ ራሴ ስንቱ ቤት ማልጄ ሄጃለሁ። እኔን ግን በዚያን ጊዜ ማንም ሊነካኝ አይችልም ነበር። ታዲያ እንቁ ብትሞት ማን ደፍሮ በስልክ ይነግረኛል? ፍሬሕይወት ደግሞ ድምጿ ቁርጥ እናቷ ነው። ድሮም ስልኩን ስታነሳ እንቁ መስላኝ ስንቴ ሰድቤያታለሁ።

ግን ካልጠየቅሁ እንቁ አለች። ከጠየቅሁ ትሞታለች፤ እኔም እዚህች ክፍል ውስጥ ብቻዬን ፊቴን እነጫለሁ። ፈራሁ፣ እውነቱ ይኼው ነው። ስለዚህ ስልኩ ሲጠራ አነሳለሁ።

«እንቁዬ» እላለሁ።

«ወዬ» ትለኛለች።

ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ባቱ ሐይቅ ንፋስ እናወራለን። ዳንቴሉ አልጋውን አልፎ መሬት ደረሰ፤ መተርተሩንም ትቻለሁ።

የምወጣበት ቀን ደረሰ። ጎህ ሊቀድ ሲል ስልኩ ጠራ። በዚያ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«እህቴ፣ ነቅተሻል?»

«ነቅቻለሁ።»

«በሩን ክፈቺልኝ።»

ድምፁን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ ከስልኩ፣ አንዴ ከበሩ ማዶ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጋሽ ዲበኩሉ፣ ሚኪያስ፣ የዕድር ሴቶች፣ ሁሉም ቆመዋል። ከፊት ፍሬሕይወት ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛለች።

መቀርቀሪያውን ያዝኩት።

«እንቁዬ» አልኩ በስልኩ። «ከመክፈቴ በፊት ትንሽ አውሪኝ።»

ከበሩ ማዶ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ።

«ዛሬ… ዛሬ ሐይቁ ጸጥ ብሏል» አለች በእናቷ ድምፅ።

ሰዎቹ ቆመው ጠበቁን።