ያልታጠበው ሹራብ

ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንደበቱ ተዘጋ። ድሮ ደንበኞቹ «ፀጉሬን ቀንስልኝ ብለው ወሬ ጨመረልኝ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሁን «እንዴት ይሁን?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ የሚሰማው የመቀሱ ድምፅ ብቻ ነው።

አስም ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት አድጓል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ደረቱ ሊያፍነው ሲል ከእሱ በፊት ታውቅ ነበር። ሰማያዊውን ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ከቦርሳዋ አውጥታ ትነቀንቅና «ቀስ በል፣ ማንም አያባርርህም» እያለች አብራው ትተነፍሳለች። እሷ ስታልፍ ፓፉ ወደ እሱ ኪስ ገባ፤ አብሮት የሚተነፍስ ግን አልነበረም።

የሱፍ ሹራቧን ትራሱ ላይ አንጥፎ፣ ፊቱን ቀብሮበት ነው የሚተኛው። ሴት ልጁ ልብስ ልታጥብለት ስትመጣ ይደብቅባታል፤ ከታጠበ ጠረኗ ይሄዳል ብሎ ይሰጋል። ሲነጋ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ያኔ ፓፉን አፉ ላይ ደግኖ ይጫናል፤ ካልተሻለው ይደግማል፣ ይሠልሳል። መድኃኒቱ ትንሽ እፎይ ሲያሰኘው እሷ ከጎኑ የተቀመጠች ይመስለዋል። እያደር ደረቱ ሳያፍነውም መሳብ ጀመረ።

አንድ ቀን ጠዋት የዘመናት ደንበኛውን፣ ጡረታ የወጡትን የሒሳብ መምህር፣ ጺማቸውን ሲላጭ እጁ ተንቀጠቀጠና ጉንጫቸውን ቆረጣቸው። መምህሩ ደሙን በፎጣ ይዘው በመስታወቱ ውስጥ አተኩረው አዩት።

«የእኔ ጉንጭ ይድናል። እጅህ ግን ምን ሆኖ ነው?»

እርጅና ነው ሊላቸው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ልቡ ይደልቅ ስለነበር ምላጩን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። መምህሩ ሱቁን አስዘግተው፣ ፎጣውን እንደያዙ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ለልጁም ደወሉላትና መጣች።

ነርሷ ፓፉን እንዴት እንደሚወስድ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ሳይነቀንቅ፣ ትንፋሹን ሳያስወጣ፣ ከንፈሩንም በደንብ ሳይገጥም ተጫነው፤ መድኃኒቱ እንደ ጉም በአፉ ጥግ ወጣ። አልሳቀችበትም። መጀመሪያ እንዲነቀንቀው፣ አየሩን አስወጥቶ አፉን እንዲገጥም፣ እየተጫነ ቀስ ብሎ በረጅሙ እንዲስብና ትንፋሹን ጥቂት ይዞ እንዲቆይ እያሳየች አስደገመችው። የእጁ መንቀጥቀጥና የልቡ ምት መድኃኒቱን ከማብዛቱ እንደመጣ ነገረችው። ሰማያዊው የጠበበውን የአየር መንገድ ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ሥሩን አያድንም፤ አዘውትሮ ካስፈለገ አስሙ እየባሰ ነው ማለት ነው። ሐኪሙ በየቀኑ የሚወሰድ ሌላ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘለት፤ ከእሱ በኋላ አፉን እንዲጉመጠመጥ፣ ሰማያዊው አልሠራ ካለው ደግሞ ሳይውል ሳያድር እንዲመጣ አስጠነቀቀው።

ከዚያ ነርሷ መኝታው አካባቢ አቧራ የሚይዝ አሮጌ ነገር እንዳለ ጠየቀች። ፀጉር አስተካካዩ አቀረቀረ። መልሱ ከልጁ መጣ።

«የእማዬ ሹራብ አለ።»

«እሱን ካጠብሽው ምን ይቀረኛል?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«እኔንም እኮ ናፍቃኛለች፣ አባዬ። አንተን ደግሞ ልጣህ?»

ቤት እንደገቡ ሹራቡን ራሱ ከትራሱ ላይ አነሳው። ወደ ሳፋው ከመክተቱ በፊት አሸተተው። የአቧራና የገዛ ላቡ ሽታ ነበር። የእሷ ጠረን መቼ ጥሎት እንደሄደ አላወቀም። ሹራቡን እንደያዘ ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ልጁም እጅጌዋን ሰብስባ ሳሙናውን ታቀብለው ጀመር።

አዲሱን መድኃኒት ሳያስታጉል ሲወስድ ሰነበተ። የእጁ መንቀጥቀጥ ተወው፤ ሰማያዊው ፓፍ ከኪሱ የሚወጣው አልፎ አልፎ ሆነ። ናፍቆቱ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ደረቱ ሲከፈት የታፈነው ሁሉ አብሮ ወጣ። አንድ ከሰዓት ልጁን ወደ ቤቷ እየሸኛት ሳለ፣ ሳትጠይቀው፣ እናቷን መጀመሪያ ያያት የራሷን ታናሽ ወንድም ፀጉር ልታስቆርጥ ወደ ሱቁ ይዛው ስትመጣ እንደነበር አወራላት። አንዱ ጎን ረዝሟል፣ አስተካክል እያለችው ወንድሟን መላጣ ሊያደርገው ምንም አልቀረው ነበር።

«ከዚያስ?» አለችው ልጁ።

«ከዚያማ የራስ ቅሉ እስኪታይ ድረስ አልለቅህም አለችኝ» አለና ራሱ ሳቀ፤ እሱ ሲያወራ ሳያስተውሉት የልጁን ቤት አልፈው ሄዱ።