ለሻምበሉ የተሠራ ካሴት

ሺሬን ዛሬም «የጥበብ ሰው» የሚሉት አሉ። ይበሉ። እኔ ባስ ጊታር የመታሁለት ሰው ነኝ፤ ያየሁትን እናገራለሁ።

በ1980 ዓ.ም. ሰኔ ሀርጌሳ በገዛ መንግሥቷ መድፍ ስትደበደብ፣ ዘፋኟ ሱማያ በሺሬ ስቱዲዮ ጓዳ ተደብቃ ነበር። ወታደሮቹ ዘፈኖቿን ከልክለው እሷን ቤት ለቤት ይፈልጓታል። ቀደም ብለን የቀዳንላትን የስምንቱንም የሬጌ ዘፈኖች ምት፣ ከበሮውንም ባሱንም፣ የፈጠረችው ራሷ ናት። ሰኞ ገበያው ተቃጠለ፤ ረቡዕ ዘጠነኛውን ቀዳን።

ሐሙስ አንድ ሻምበል መጣ። ሬጌ ይወዳል፤ ለመኪናው ካሴት ፈልጓል።

«ግጥም አልፈልግም» አለ። «ከበሮና ባስ ብቻ። ካማረኝ ቤትህን የሚነካው የለም።»

ሺሬ የዘፋኟን ድምፅ እያጠፋ ምቱን በማሚቶ ያስጮኸው ጀመር። ዳብ የሚሉት ይህን ነው። ሦስታችንም ድሬዳዋ ስላደግን የምናወራው በአማርኛ ነበር።

«ሙሉ በሙሉ አጥፋው አቦ» አለችው ሱማያ። «ትንፋሼ እንኳ እንዳይቀር።»

«አልፎ አልፎ ድምፅ ብቅ ካላለ እኮ ዳብ አይሆንም።»

«እኔ ስሞት ይሆንልሃል?»

«አንቺ ደግሞ። ጆሮ ያለው ወታደር የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አልክድም።

ቅዳሜ ሻምበሉ ወንበር ስቦ አዳመጠ። እግሩ ምቱን ይከተላል። ዘጠነኛው ላይ የሱማያ ድምፅ ከማሚቶው ውስጥ ወጣ፦ «ገበያው ነደደ... ነደደ... ነደደ...»

እግሩ ቆመ።

«መልሰው።»

ሺሬ መለሰው።

«ገበያው የነደደው ሰኞ ነው» አለ ሻምበሉ በእርጋታ። «ይቺ ሴትዮ ከሰኞ ወዲህ እዚህ ዘፍናለች።»

ሺሬ ቴፑን አቆመ። ከዚያ አንድ ጥፊ እንኳ ሳይቀምስ በአገጩ ወደ ጓዳው በር ጠቆመ።

ሁለት ወታደሮች በፀጉሯ ጎትተው አወጧት። ስታልፍ አየችኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ግቢው ውስጥ አንድ ጥይት ተተኮሰ።

«ያቺን ቃል አጥፍተህ ለሰኞ አድርስልኝ» አለ ሻምበሉ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ።

ሺሬ ዘጠነኛውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሠራው። ባሱ ላላ ብሏል ብሎ እንደገና እንድመታ ጠየቀኝ።

መታሁ።