የአባዬ ክንድ ልክ

ለክትትል ቤት የመጣችው ነርስ ሜትሩን በሕመምተኛው ክንድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አዞረችና ደብተሩን እንደገና ተመለከተች።

"ሃያ አንድ ተኩል ነው። እዚህ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ሃያ አምስት፤ ንቅንቅ የለም! ማን ነው የለካው?"

የሕመምተኛው ልጅ ወደ እናቷ ዞረች። አባቷ ስትሮክ ከጣለው ወዲህ መዋጥ ስላቃተው የሚመገበው በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው። ሚዛን ላይ መቆም ስለማይችልም የምግቡ መጠን የሚወሰነው በየሳምንቱ በሚለካው የክንዱ ዙሪያ ነው። ልጅቷ ልኬቱን ለእናቷ የሰጠቻት እናትየዋ አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ስለነበረች ነው። ለሙያተኛ ያስረከቡት ሥራ ጉድ ያመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

"እኔ ነኝ" አለች እናትየዋ ኮራ ብላ። "ለመላወሻ ሁለት ሳንቲሜትር ጨምሬበት ነው።"

"የምን መላወሻ?" ልጅቷ ጮኸች።

"ልክክ ተደርጎ ይለካል እንዴ? አባትሽ ነገ ሲሻለው ይወፍራል።"

"እማዬ፣ ኮት እኮ አይደለም የምትሰፊለት!"

ነገሩ አንጀቷን አሳረራት። ከሥራ እየቀረች ቱቦውን በውሃ ስታጥብ፣ ትራሱን ከፍ ስታደርግ፣ ምግቡን በሲሪንጅ ቀስ እያለች ስትሰጥ ከርማ፣ ለካ አባቷን እያስራበችው ኖሯል!

"ደግሞ ሁለት ቢጨመርበት ሃያ ሦስት ተኩል ነው የሚሆነው። መላወሻውም በየሳምንቱ ያድጋል?"

የእናትየዋ ትከሻ ወረደ።

"በየሳምንቱ ሲቀንስ... እጄ አልጽፍ አለኝ" አለች።

ነርሷ ምግቡን በቀን ከአምስት ጊዜ ወደ ስድስት ከፍ አደረገች። "በዚሁ ከቀጠለ ሆስፒታል ይመለሳል። ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ ትለካ" ብላ ሜትሩን ሰጠቻት።

ልጅቷ ጠቅልላ ኪሷ ልትከተው ነበር። አባቷ ግን ዓይኑን ከሚስቱ ላይ አልነቅል አለ። እሱም ደግሞ ከሷ ወገን! ልጅቷ በንዴት ተነፈሰች።

"እሷው ትለካ። አጠገቧ ቆሜ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ።"

እናትየዋ ከትከሻው እስከ ክርኑ ያለውን መሃል አገኘች፤ ሜትሩን አዞረች፤ መነጽሯን አስተካክላ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች።

"ሃያ ሁለት።"

ልጅቷ እስክሪብቶውን ከደብተሩ ላይ አነሳች።

"ሃያ አንድ ተኩል" አለች እናትየዋ። "ጻፊው።"