ቀጥበሉ ወፍ ሊያነሳ ሄደ

እውነተኛ ስሙን የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትናደድ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ቀጥበሉ ይለዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ቆሞ የመታወቂያና የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ከአፉ የማይጠፋው ይኸው ነው፤ «ቀጥ በሉ! አገጭ ዝቅ! ጆሮ ይታይ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ከዚያ ቀጭ። ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ይሰማል፤ እዚያ የሚላጩትም ሳይታወቃቸው ቀጥ ይላሉ። በእሱ እጅ ፈገግ ብሎ የተነሳ ሰው የለም። የሰፈሩ ሰው በሙሉ መታወቂያው ላይ ፖሊስ ያስቆመው ይመስላል። ቀጥበሉ ግን በሥራው ይኮራል፤ ጉድ ያፈላበትም ይኸው ኩራቱ ነው።

«እኔኮ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር» ይላል አሁን ታሪኩን ሲያወራው፣ መላጣውን እያሻሸ። «ለካስ ካሜራ የያዝኩ ግንድ ነኝ።»

ነገሩ የመጣው በታላቅ እህቱ በኩል ነው። እትዬ ይላታል። አሥራ አራት ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናትና አባታቸው ካለፉ በኋላ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው፣ የመጀመሪያ ካሜራውንም የገዛችለት እሷ ናት። በስፌት የሚያህላት አልነበረም። አንዲት ስፌት ከተንጋደደች «ፍታውና ድገመው» ነው፤ ምሕረት የለም። የቤት ሥራውንም፣ የአልጋ አነጣጠፉንም፣ ለሠርጉ ያሰረውን ከረባትም «ፍታውና ድገመው» ብላዋለች። ይቺ ሴት ናት እንግዲህ መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ዳሌዋ የተሰበረው። ቀዶ ሕክምናው አማረ፣ አጥንቱም ገጠመ። እሷ ግን አልጋ ላይ ቀረች።

«አጥንቱ ድኗል፤ ያልዳነው ፍርሃቱ ነው» አለችው እግሯን የምታሠራት ሐኪም፣ ከበር ውጭ ጠርታ። «ወሩ ሳያልቅ ካልቆሙ እግራቸው ይሰልላል፤ ከዚያ ወዲያ መቆም የለም። እኔ ብለምናቸው ወይ ፍንክች። እርስዎ የሚሆን ዘዴ ካለዎት ይሞክሩ።»

ቀጥበሉ ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እስቲ ለኔ ስትይ አንዴ ቁሚ።»

«ቆሜ ምን ልይ?» አለች፣ በአገጯ መስኮቱን እያሳየች።

ድሮ ከዚያ መስኮት ሐይቁ ይታይ ነበር። ዝናቡ ባባራ ቁጥር አንገታቸው ረጃጅም የሆነ ነጫጭ ወፎች ከየት እንደሆነ እንጃ መጥተው ያርፉበታል። ጠዋት ሁሉም በአንዴ ብድግ ብለው ሲበሩ እትዬ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትመለከታቸው ነበር። አሁን ፊት ለፊት ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ገትረውባታል፤ የሚታያት የሰው መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ነው።

«ወፎቹ መጥተዋል አሉ» አለች። «እነሱን ሲበሩ ለማየት ቢሆን እቆም ነበር። ለቧንቧ ግን አልቆምም።»

ብልህ ወንድም ቢሆን በተሽከርካሪ ወንበር ይወስዳት ነበር ትሉ ይሆናል። እሱም አልጠፋውም፤ «በጋሪ የምገፋ ሽንኩርት ነኝ?» ብላ ካባረረችው ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ አፉን ከፈተ።

«ፎቷቸውን አመጣልሻለሁ! ሲበሩ! ላባቸው እስኪቆጠር! ስንቱን አንስቼ ወፍ ያቅተኛል?»

እትዬ በመነጽሯ ላይ አየችው። «ሲበሩ?»

«ሲበሩ!»

«አምጣና እቆማለሁ። ቃሌ ነው፣ ማሙሽ።»

ማሙሽ የምትለው እሱን ነው፤ የሃምሳ ሁለት ዓመቱን መላጣ። ምነው ያን ጊዜ ምላሱን በነከሰው!

ሚስቱ ስትሰማ ሳቋ አላስቆም አላት። «ነጩን መጋረጃስ ይዘህላቸው አትሄድም? ከኋላቸው ትወጥርላቸው ነበር።»

«ሳቂ» አላት። «ታያለሽ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ካሜራውን ከነባለሦስት እግር ማቆሚያው ተሸክሞ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ተደበቀ። ወፎቹ ከሃምሳ እርምጃ አይርቁም፤ መልካቸው ያማረ፣ አቋማቸውም ቀጥ ያለ። ደስ አለው። አንዱ ክንፉን ሲያፍታታ አየና ዓይኑን ካሜራው ላይ ለጠፈ፣ ተዘጋጀ፣ ጣቱን ተጫነ። ቀጭ! ውሃ። ወፍ የሚባል የለም። እንደገና እስኪያርፉ ጠበቀ፣ ተዘጋጀ፣ ተጫነ። ውሃ። ልክ ሊያነሳ ሲል ምን እንደሚነካቸው እንጃ፣ ሁሉም በአንዴ ውልቅ ይላሉ። ካሜራው ይሆናል ብሎ ጠራረገው። ጃኬቱ ይሆናል ብሎ የሚስቱን አረንጓዴ ሹራብ ለበሰ። ሽታዬ ይሆናል ብሎ ሦስት ቀን ሽቶ አልተቀባም። ውሃ።

አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ልጆች ፎቶ ቤቱ ደጅ ተሰልፈው፣ በሩን ተዘግቶ ሲያገኙት ወደ ሌላው ፎቶ ቤት ጎረፉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሱ ነው። የባሰው ግን ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን መቅረቱ ነው። ሐኪሟ በየቀኑ እየመጣች ራሷን ነቅንቃ ትሄዳለች። እትዬም በየቀኑ «መጡ?» ትለዋለች፤ እሱም «እየታጠቡ ነው» ይላታል። ምን እየታጠበ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው፤ በዚህ ዘመን የሚታጠብ ፎቶ የለም።

ጭንቅ ያመጣውን ሌላ አያመጣውም። አንድ ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ባለ ሥዕል ካለንደር አየ፤ አንዱ ገጽ ላይ ነጫጭ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ይበራሉ። ገዛው፣ ቆረጠው፣ ጥሩ ፍሬም ውስጥ ከተተው፣ ይዞላት ሄደ።

እትዬ ፎቶውን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ መነጽሯን ጠርጋ ደገመችው።

«ማሙሽ።»

«አቤት እትዬ።»

«ከወፎቹ ኋላ ያለው ነጭ ነገር ምንድነው?»

«ደ... ደመና ነው።»

«ተራራ ላይ የተነጠፈ ደመና? ይሄ በረዶ ነው። እኛ ሐይቅ ላይ በረዶ የጣለው መቼ ነው?» ፍሬሙን ገለበጠችና ጀርባውን ከፈተችው። የወሩ ቀናት ከነቁጥራቸው ተደርድረው ብቅ አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሁሉ ጥሎት ሄደ፤ እንደ ልጅ ሆዱ ባባ።

«ፈርቼ ነው» አላት። «ፎቶ ካጣሽ የማትቆሚ፣ እንደዚሁ ተኝተሽ የምትቀሪ መስሎኝ ፈርቼ ነው፣ እትዬ።»

እሷም ፍሬሙን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። «አንተ ራስህ ያነሳኸውን አሳየኝ።»

ካሜራውን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳያት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ውሃ።»

«ይሄስ?»

«ውሃ። ግን እዚህ ጋ ጭራ አለ፤ ብታይው...»

«ይሄስ?»

«አውራ ጣቴ ነው።»

«ፍታውና ድገመው» አለች።

«አሥር ቀን ሙሉ ደገምኩትኮ!»

«ሳትፈታው ነዋ የደገምከው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አሠራርህን ካላየሁ አላውቅም። ነገ ያንን ጋሪህን አምጣ።»

ቀጥበሉ ጆሮውን አላመነም፤ ግን ክርክር አላበዛም፣ ሐሳቧን ሳትለውጥ ሮጠ። በማግስቱ ጠዋት በታክሲ አድርሶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ሐይቁ ዳር አቆማት። ሰው ባየኝ ቁጥር ሽንኩርት ስንት ነው ይለኛል እያለች መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም ነበር። ደንገሉ ከራሷ በላይ ነው፤ ከተቀመጠችበት አንድም ወፍ አይታያትም።

ማቆሚያውን ተከለ። ጎንበስ አለ። ዓይኑን ለጠፈ። ፍር! ወፎቹ ሄዱ። ቀጭ! ውሃ።

«አሁን ምን አልክ?» አለች ከኋላው።

«እኔ? ምንም አልተነፈስኩ።»

«እስቲ ድገም።»

ወፎቹ ሲያርፉ ደገመ። በዚህኛው ግን፣ የእህቱ ዓይን ጀርባው ላይ ስላለ ይሁን፣ የገዛ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮው ገባ፤ «ቀጥ በሉ! አንድ፣ ሁለት...» ፍር!

ደርቆ ቀረ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! አሥር ቀን ሙሉ ደንገል ውስጥ ተደብቆ፣ ሹራብ ቀይሮ፣ ሽቶ ትቶ፣ ከዚያ በሙሉ ድምፁ ለወፍ ሲቆጥር ኖሯል!

ከኋላው ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ያለቀሰች መስሎት ዞረ። እየሳቀች ነው። ከወደቀች ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን የወንበሩን ክንድ ይዛ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። «ለወፍ! ለወፍ ይቆጥራል! አገጭ ዝቅ አላልካቸውም?»

«ሳልላቸው አልቀርም» አለ ቀጥበሉ፤ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እሱም ሳቀ። እንባቸው ወረደ።

ወፎቹ ተመልሰው ሰፈሩ። ቀጥበሉ ተነስቶ በሹክሹክታ፣ «አሁን አፌን እዘጋለሁ። ዛሬ አለቀላቸው» አለ።

«ተው፣ ተው!» አለች እትዬ። «እኔ ካልበሩ አላያቸውም፤ ደንገሉ ከልሎኛል። ቁጠርላቸው።»

«ልቁጠር?»

«በሙሉ ድምፅህ።»

ደረቱን ነፋ። «ቀጥ በሉ! ጆሮ ይታይ! አንድ! ሁለት!»

ሐይቁ በሙሉ ብድግ አለ። በመቶ የሚቆጠር ነጭ ክንፍ፣ ፀሐይ ከኋላው እያበራበት፣ ልክ ካሜራው ፊት ተዘረጋ። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ጊዜ የሚያገኘው ፎቶ ይኸው መጣ። ወፎቹ ግን ከፍ አላሉም፤ ከደንገሉ በታች ውሃውን እየዳበሱ ወደ ግራ ታጠፉ።

«የታሉ?» አለች እትዬ። «የታሉ? አልታዩኝም!»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰምቶ ዞረ። እህቱ ቆማለች። ሁለት እጇ አየር ላይ ነው፤ ምንም አልያዘችም። አንገቷን በደንገሉ ላይ አስግጋ፣ አንድ እግሯን ወደፊት አነሳች።

ካሜራውን ከነማቆሚያው አዞረው። አልቆጠረም። ቀጭ።

«እያቸው!» አለች። «እያቸው፣ ማሙሽ፣ እያቸው!» ከዚያ ዝቅ ብላ እግሯን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ያዘኝ።»

ካሜራው ጭቃ ላይ ወደቀ። ቀጥበሉ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም፤ ብቻ ይዟታል። «ይዤሻለሁ። ይዤሻለሁ፣ እትዬ።»

ካሜራው አልዳነም፤ ፎቶው ግን ተረፈ። በሙያው ሕግ ከተመዘነ ጥራጊ ነው። ደብዝዟል፣ ተንቀሳቅሷል፣ ፊቷ ወደ ጎን ነው፣ አፏ ተከፍቷል፣ ሻሿ ጆሮዋ ላይ ተንሸራቷል፣ አንድ እግሯ አየር ላይ ነው። ጥግ ላይ የክንፍ ጫፍ የምትመስል ነጭ ነገር አለች፤ ከወፎቹ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ቀጥበሉ ፎቶውን አሳድጎ የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ቀጥ ካሉት ጉርድ ፎቶዎች መሀል ሰቀለው። ደንበኞች «ይሄ የተበላሸው ምንድነው?» ይሉታል። «ወፍ ነው» ይላቸዋል።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን እትዬ የብረት መደገፊያዋን ይዛ በእግሯ መጣች። መስኮቱ ፊት ብዙ ቆመች። ቀጥበሉ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ የሚመጣውን ያውቀዋል።

«ጆሮዬ የታለ?»

«አልታየም፣ እትዬ።»

«አገጬስ?»

«ቀና ብሏል።»

«እግሬም ተንጋዷል።»

«አዎ» አለ፣ «ፍታውና ድገመው» እስክትለው እየጠበቀ።

እትዬ ግን በእጅጌዋ ጫፍ የመስኮቱን አቧራ ጠረገችው።

«እሱን እንዳትነካው» አለችና፣ መደገፊያዋን እያስቀደመች ሻይ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባች።