ሁለት ቀይ ዜህ

ፊደል መቁጠር የጀመርኩት ልጄ ሞህራ ስትታጭ ነው። ከአማቶቿ ወረቀት ቢመጣ አንባቢ ፍለጋ የሰው ደጅ እንዳልጠና ብዬ። ወረቀቱ መጣ። «ለሙሽራው ሁለት ቀይ ዜህ ላኩ» ይላል። ላብ እስኪያጠምቀኝ ታግዬ ብቻዬን አነበብኩት።

በቤታችን ዜህ ማለት የቀስት ጅማት ነው። ሙሽራው ደግሞ የቡኻራ ከተማን ቅጥር የሚጠብቅ ቀስተኛ። ምን ይጠረጠራል? የባሌ ወንድም ፋሩኽ ቀስት ሠሪ ነውና ከቀይ ሐር ሁለት ወፋፍራም ጅማት ገመደልኝ፤ ላክሁ።

ረቡዕ ጠዋት የሙሽራው አክስት ዙለይኻ ጅማቶቹንም የሙሽራውን ካባም ይዛ መጥታ ጉልበቴ ላይ ጣለቻቸው።

«ልጃችንን ልታንቁት ነው እንዴ? የጠየቅነው የካባ ጥለት ነው። ዓርብ ካልደረሰ ሠርጉ ለከርሞ ነው። የካባው ጠርዝ ባዶ የሆነ ሙሽራ አናወጣም።»

እየተቃጠልኩ ወደ መምህሬ ወደ ቢቢ ሳኪና ሄድኩ። «ያስተማሩኝ ፊደል ጉድ አደረገኝ» አልኳቸው።

ወረቀቱን አዩት። «ልክ አንብበሻል። ጅማቱም ዜህ፣ ጥለቱም ዜህ።»

«ለምን ሲባል?»

«ቀስት ያለ ጅማቱ እንጨት ነው፤ ልብስም ጠርዙ ካልተያዘ ይተረተራል። ወጥሮ የሚይዘውን ሁሉ የጥንት ሰዎች ዜህ አሉት ይባላል።»

«የጥንቶቹ አንድ ቃል ቢጨምሩ ምን ነበረበት?»

«እነሱ የዓርብ ሠርግ አልነበረባቸውማ።»

ሳቃቸው አበገነኝ፤ ነገሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። በሁለት ቀን ሰፊ ጥለት አይደርስም፤ የቀረን ሐርም ቀጭን ነው። ቤቴ ገብቼ፣ ወጥረው እንዲይዙልኝ እነዚያን ጅማቶች በካባው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ዘረጋኋቸው። ሞህራ የሐሩን ክር በጣቶቿ እያፈራረቀች በላያቸው ስትጎነጉን፣ እኔ እግር በእግር እየተከተልኩ ከጨርቁ ጋር ሰፋሁት።

«እማ፣ ቀስ በይ፤ ጣቴን ልትሰፊው ነው» አለችኝ።

«ጣትሽ ይድናል። ዓርብ ግን አይመለስም።»

ዓርብ ጠዋት ዙለይኻ መጣች። ጠርዙን ከአንገት እስከ ታች በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሳብ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ውስጡ የጠጠረው ምንድን ነው?»

«ዜህ።»

«የትኛው?»

«ሁለቱም። ወረቀታችሁ የትኛው እንደሆነ አይልም» አልኳት። «ሌላ ጊዜ ሥዕል ሳሉበት።»

እሷም ካባውን ጥለቱ እንዲታይ አድርጋ አጠፈችና፣ «ልጅቷም የሠርግ ልብሷን ትልበስ፤ የሚወስዷት ፈረሶች መንገድ ላይ ናቸው» አለች።